ያልገባውን ሰው አልጠይቅም

ውድ ወንድሜ ሙክታር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አስቀድሜ ልብህን ላሳርፈው፤ ከአባታችን ወዲህ ማንም አልሞተም። እናታችን ደህና ናት፣ የሚያስቸግራት ጉልበቷ ብቻ ነው። ሐምዛም ደህና ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የእህትህ ጽሕፈት ያለበት ፖስታ ሲደርስህ መርዶ እንደሚመስልህ ስለማውቅ ነው ይህን ያስቀደምኩት።

አድራሻህን የሰጠኝ ከድሬ ጠያራ ሽንኩርት እየጫነ ወደ አዋሽ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ጋራዥ ውስጥ እንደምትሠራ፣ አማርኛ አቀላጥፈህ እንደምትናገር፣ ተምረህ ማንበብ እንደቻልክም ነገረኝ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያነብልህ ራስህ ታነበዋለህ ማለት ነው። በኦሮምኛ ብጽፍልህ በወደድኩ። ግን እኔ አክስታችን ዘንድ ከተማ ሆኜ የተማርኩት በአማርኛ እንደሆነ ታውቃለህ። በአንተ ላይ የደረሰው ነገርም ከዚሁ ከእኔ አማርኛ ጋር የተያያዘ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የሐምዛን ልንገርህ። በዓይኔ ያየሁትን ለአንድ ሰው ካልነገርኩ አላርፍም፤ ያ ሰው ደግሞ አንተ ነህ።

አንተ ስትታሰር ሐምዛ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ያ ክፉ ትኩሳት ጆሮውን ከወሰደበት ጀምሮ በእጅ የምናወራው ሦስታችን ብቻ ነበርን፤ አንተ፣ እኔና እሱ። እናታችን የምታውቀው «ና» እና «ብላ»ን ነው። አባታችን ያንንም አልተማረም፣ አላህ ይማረውና፤ ማረፉን እንደሰማህ ሹፌሩ ነግሮኛል። አሁን ሐምዛ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ፈላና በር ከእኔ ጋር ይኖራል። እኔ እዚያው በሩ አጠገብ ቅመም እሸጣለሁ፤ እሱ ልብስ ሰፊ ሆኗል። የት መሰለህ? ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር! የስፌት መኪና ጩኸት ስም ያወጣለት መንገድ ላይ ጩኸቱን የማይሰማ አንድ ሰው ቢኖር የእኛ ሐምዛ ነው። ግን አንዱ መኪና ሲታመም መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ የትኛው ጥርስ እንደተበላ በጣቱ ያሳያቸዋል። ተሳስቶ አያውቅም ይላሉ ሰፊዎቹ።

አንድ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አልለቀቀውም። ሰው ሲያናግረው ካልገባው ፈገግ ብሎ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። «አዎ» ካላቸው ይተዉታል። እንዳልገባው ካሳያቸው ይጮኹበታል፤ ጩኸቱን ባይሰማም ፊታቸውን ያያል።

ያሳሰረው ያ መነቅነቅ ነው።

ሐምዛ የሚሰፋው ዐብዱልጀሊል በሚባል ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ለእኔም የሱቄን ቆርቆሮ ያሠራልኝ እሱ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ቀን ከሱቁ ሦስት ጣቃ ጨርቅ ጠፋበት። ጎረቤት ሲጠየቅ ሐምዛ ጣቃዎቹን በትከሻው ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ሲጭን ማየቱን ተናገረ። ሐምዛን ጠየቁት። ነቀነቀ። ፖሊስ መጣ፣ ወሰዱት። በኋላ መዝገቡ ላይ እንዳየነው፣ ቃሉን ሲቀበሉት «ጨርቁን የወሰድከው አንተ ነህ?» ይላል። መልስ፣ «በራሱ እንቅስቃሴ አምኗል።» «ለሌላ ሰው ሸጠኸዋል?» መልስ፣ «በራሱ እንቅስቃሴ አምኗል።» ከሥር የአውራ ጣቱ አሻራ አለ።

ሰፊዎቹ መጥተው ሲነግሩኝ ቅመሙን እንደተዘረጋ ትቼ ሮጥኩ። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። አባታችን «ዳኛ ፊት የቆመ፣ ሰው ፊት አይቆምም» ሲል ያደግን ነን። ከአንተ ወዲህ ማንኛችንም የመንግሥት ደጃፍ ረግጠን አናውቅም። አባታችን የመሬት ግብር እንኳ በሰው ነበር የሚልከው።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ ቆሟል። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ግቢና እይው። ምግብም ካመጣሽ ይገባለታል። ቤተሰብ የመጠየቅ መብት አለው።»

«መቼ ትለቁታላችሁ?» አልኩት።

«እሱን እኔ አልወስንም። ግን ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከአርባ ስምንት ሰዓት በላይ እዚህ ልናቆየው አንችልም።»

«ማነው የሚከለክላችሁ?»

ጥያቄዬ ገርሞት አየኝ። «ሕጉ» አለ።

አትሳቅብኝ ሙክታር፤ ሕጉ የሚባል አለቃ ከኋላው የቆመ ይመስል በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁ። ባዶ ኮሪደር ነበር። ግን ያ የታጠቀ ሰው የማላየውን ነገር እንደሚፈራ ገባኝ። ፖሊስ የሚፈራው ነገር መኖሩን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

ረቡዕ ጠዋት ችሎት ገባሁ። እንደፈራሁት አዳራሽ ሳይሆን እንደ ትምህርት ቤት ክፍል ያለች ቦታ ናት፤ የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ ባንዲራ፣ ካባ የለበሰች መነጽራም ሴት ዳኛ። ሐምዛን አስገቡት። ሲያየኝ ፈገግ አለና «በላሽ?» አለኝ በእጁ። ታስሮ ስለ እኔ ምሳ የሚጨነቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ። ቀላል ስርቆት ስለሆነ በተፋጠነ ችሎት ይታይልን አለ። ዳኛዋ ወደ ሐምዛ ዞር ብላ «ክሱ ሲነበብ ሰምተሃል። ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይስ አልፈጸምክም?» አለችው። ከፊቷ ብዙ መዝገብ ተቆልሏል፤ ዓይኗ ግማሹ እሱ ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው።

ሐምዛ ሰው ሁሉ እንደሚያየው አየ። ፈገግ ብሎ ነቀነቀ።

«በእንቅስቃሴ አምኗል» አለ ዐቃቤ ሕጉ። ዳኛዋ ብዕሯን አነሳች።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ማን እንደፈቀደልኝም አላውቅም። «ወንድሜ አይሰማም!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። የችሎቱ ፖሊስ «ቁጭ በይ!» ብሎ ወደ እኔ ሲመጣ ዳኛዋ እጇን አነሳች።

«ተዋት። ምን አልሽ?»

«ክብርት ዳኛ፣ ወንድሜ ጆሮው አይሰማም። የሚነቀንቀው ስላልገባው ነው። የሚያዩትን ሰዎች ስለፈራ ነው።»

ዳኛዋ ወደ ሐምዛ ዞረች። ከዚያ ያደረገችውን እስክሞት አልረሳውም። መዝገቡን አንስታ አፏን ከለለችበት፤ ከንፈሯን እንዳያይ ነው። ከመዝገቡ ጀርባ ሆና በቀስታ «ስምህ ታደሰ ነው?» አለችው።

ሐምዛ ነቀነቀ።

«ዛሬ ከጅግጅጋ በእግርህ ነው የመጣኸው?»

ነቀነቀ።

«እኔ እናትህ ነኝ?»

ፈገግ ብሎ ነቀነቀ። ከኋላዬ አንድ ሰው መሳቅ ጀመረና መሐል ላይ ተወው። ዳኛዋ መዝገቡን አስቀመጠች። ብዕሯንም አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ሰው ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ እንደነበር ዘወር ብሎ ሲያይ የሚሆነውን ሆነች። ብዕሯን እኮ አንስታው ነበር፣ ሙክታር።

«ዐቃቤ ሕግ» አለች፣ «ይህ ሰው አልገባውም። እኔ ያልገባውን ሰው አልጠይቅም።»

ከዚያ ለጸሐፊዋ እየነገረች አስጻፈች። ለፖሊስ የሰጠው ቃል በሚገባው ቋንቋ ያልተጠየቀ ስለሆነ እንደ እምነት ቃል አይያዝም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይቅረብለት። ጠበቃ ለማቆም አቅም ስለሌለው ተከላካይ ጠበቃ ይመደብለት። እስከዚያ በሰው ዋስ ይለቀቅ። ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ። እያንዳንዱን ስታስጽፍ የአንቀጽ ቁጥር ትጠራለች። እኔ ቁጥሩን አልያዝኩትም፤ ግን ስለ እኛ፣ ስለ ሐምዛ፣ ማንም ሳያውቀን በፊት ተጽፎ የቆየ ነገር መኖሩ አስገረመኝ። እኛ ሳንወለድ አንድ ሰው «የማይሰማ ሰው ቢመጣስ?» ብሎ አስቦልናል።

ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። ስፈርም ስሜን ሁለት ጊዜ አበላሸሁት።

የተመደበችለት ጠበቃ ሊድያ ትባላለች። አጭር፣ ፈጣን፣ ስትራመድ ቦርሳዋ ከኋላዋ የሚሮጥ የሚመስል ልጅ ናት። «ስንት ነው የምከፍልሽ?» ስላት ቆጣ አለች። «ለእኔ የሚከፍለው መንግሥት ነው። አንቺ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። መጥፎም ቢሆን ለእኔ ንገሪኝ፤ ከእኔ አይወጣም።» አስተርጓሚው ደግሞ ባርኮት ነው፤ ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ ሐረር መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምር መምህር።

እዚህ ላይ ችግር ገጠመን። ባርኮት የሚያውቀው በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የምልክት ቋንቋ ነው። ሐምዛ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው እኛ ሦስታችን ድሬ ጠያራ ማሳ ላይ የፈጠርነውን ነው። ባርኮት እጁን ሲያወናጭፍ ሐምዛ ያንኑ ፈገግታውን አምጥቶ ሊነቀንቅ ሲል እኔ ጉልበቱን ቆነጠጥኩት። «እኔ ልተርጉም» አልኩ። ሊድያ እምቢ አለች። «አንቺ እህቱ ነሽ። የምትወጂውን ሰው ቃል ሳታሳምሪ ማስተላለፍ አትችዪም። ዐቃቤ ሕጉም አይቀበልሽም፣ እውነቱን ነው።»

ታዲያ ባርኮት ምን አደረገ መሰለህ? በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና ግርግር እየመጣ ከሐምዛ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ዐብዱልጀሊል ሐምዛን ከበረንዳው ስላስወጣው ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ሰፊ መኪናውን አውሶት ነበር። ባርኮት የእኛን ምልክቶች አንድ በአንድ በደብተር ጻፈ፤ ውሃ እንዴት እንደሚባል፣ ሐሰት እንዴት እንደሚባል፣ ትናንት እንዴት እንደሚባል። አንድ ቀን ወደ እኔ ሱቅ መጣና «ነጂባ፣ አንድ ምልክት አልገባኝም» አለኝ። «ስለ ድሮ ነገር ሲነግረኝ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ከግራ ቅንድቡ በላይ በጣቱ አጭር መስመር ሳበ። «ይህ ምን ማለት ነው?»

ከዛፍ ወድቀህ የቀረብህ ጠባሳ ነው፣ ወንድሜ። አንተ ነህ። ቤታችን ውስጥ በአፍ ያልተጠራ ስም በሐምዛ እጅ ላይ እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሲጠራ ኖሯል። እኔ ሳየው ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር። ለባርኮት «የታላቅ ወንድማችን ስም ነው» አልኩት።

ቀጠሮው ደረሰ። ባርኮት ቁርጥ ባለ ድምፅ ቃለ መሐላ ፈጸመና ከሐምዛ ፊት ለፊት ቆመ። ዳኛዋ ክሱን አላስነበበችም። «አስቀድመህ አንድ ነገር ንገረው» አለች። «መልስ ያለመስጠት መብት አለው። ዝም ሊል ይችላል። ዝም በማለቱ ጥፋተኛ አይባልም።»

ባርኮት ይህን ለመተርጎም ላብ በላብ ሆነ። አፉን ነካ፣ እጁን ጨበጠ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ወደ ሐምዛ ጠቆመ፣ ደገመው። ዳኛዋ ትጠብቃለች። ዐቃቤ ሕጉ ይጠብቃል። የታጠቁት ፖሊሶች ይጠብቃሉ። አንድ ልብስ ሰፊ እስኪገባው ድረስ መንግሥት በሙሉ ቆሞ ሲጠብቅ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አየሁ። ሱብሐነላህ አልኩ በልቤ።

በድንገት ሐምዛ ያንን ከፍ ያለ ሳቁን ሳቀ፤ ታውቀዋለህ፣ ርግብ የሚያስነሳውን። ከዚያ በእጁ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ባርኮት ወደ ዳኛዋ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ እንዲህ ይላል። ‹ዝም ማለቱን ኖሬበታለሁ። ለእኔ አዲሱ መናገር ነው። ልናገር።›»

ዳኛዋ ቃል በቃል አስጻፈችው።

ተናገረ። እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? እጁ ላይ ሱቁ በሙሉ ነበር። ዐብዱልጀሊል ለሱቁ የቀጠረው ሻጭ መጥቶ ትከሻውን ነካው፣ ሦስቱን ጣቃዎች ጠቆመው፣ ባጃጁን ጠቆመው። እንደ ወትሮው ተሸከመ። በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገዱ መሐል። ማንን ሰላም እንዳለ እንኳ አንድ በአንድ በሰዎቹ አረማመድ እያሳየ ተናገረ፤ የሚያነክሰውን፣ ሆዱ የቀደመውን። ችሎቱ ውስጥ ያሉት ሰፊዎች ራሳቸውን አወቁና አጉረመረሙ። መጨረሻ ላይ ባርኮት «‹ሌባ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም እያለ ይሄዳል ወይ?› ይላል» ሲል ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ፈገግ አለ።

ሊድያ ደግሞ ባጃጅ ነጂውን አግኝታው ነበር፤ ደምሴ ይባላል። ጣቃዎቹን ወደ መናኸሪያ እንዲወስድ ያዘዘውም፣ እዚያ ደርሶ የተቀበለውም ያው ሻጭ እንደሆነ መሰከረ። ሻጩ በማግስቱ ከሐረር ወጥቷል፣ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፍርዱ በሳምንቱ ተነበበ። ሐምዛ በነፃ ተሰናበተ። ባርኮት ሁለቱን እጆቹን አንጓቸው ላይ አቆላልፎ ሲያላቅቃቸው ሐምዛ አንድ ጊዜ ድገምልኝ አለው። ደገመለት። ሐምዛ አሰበና ጥያቄ ጠየቀ። ባርኮት ተረጎመ፣ «‹ጨርቁስ? ጨርቁ ተገኘ?› ይላል።»

ዐብዱልጀሊል ከአግዳሚው ተነሳ። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ስድሳ ይሆነዋል። እዚያው ችሎት በር ላይ የሐምዛን ሁለት እጆች ይዞ «አውፍ በለኝ ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አለው። ከዚያ እንደማይሰማ ትዝ አለውና ግራ ገብቶት ወደ ባርኮት ዞረ። «እንዴት ነው የሚባለው? አንተ አትንገርልኝ፣ ራሴ ልበለው፣ አሳየኝ።» ባርኮት አሳየው። ሰውየው በገዛ እጁ አለው።

አሁን የአንተን ልጻፍ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

ያ የፍርድ ወረቀት ድሬ ጠያራ የመጣበትን ቀን አንተ አላየኸውም፤ ታስረህ ነበር። አባታችን ደጅ ተቀምጦ ጠራኝ። «አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፣ አንብቢልኝ» አለኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ኩራት ተሰማኝ፣ ሙክታር። ከቤቱ ሰው ሁሉ የማነብ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ኩራት ተሰማኝ። «ተከሳሽ ለፖሊስ በሰጠው ቃል የጎረቤቱን በሬ መውሰዱን አምኗል» ይላል። በኦሮምኛ ነገርኩት። አባታችን «በራሱ አፍ ነው ያመነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ፣ በራሱ አፍ» አልኩ። ወረቀቱ «በራሱ አፍ» አይልም ነበር። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ልጅ ስለሆንኩ፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ስለሚመስለኝ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምህ ቤታችን ውስጥ እንዳይጠራ አዘዘ። ሁለት ዓመትህን ጨርሰህ ስትመጣ በሩን ሲዘጋብህ እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። «ነጂባ፣ እኔ ነኝ» ስትል ሰምቻለሁ። አልመለስኩልህም። ሌባ ወንድም ያለኝ መስሎኝ አፍሬ ነበር።

ዳኛዋ አፏን በመዝገቡ የከለለች ጊዜ ድንገት የታየኝ ሐምዛ አይደለም፣ አንተ ነህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ከገበያ ቁጥር ሌላ አማርኛ አታውቅም ነበር። ያ ወረቀት ግን ከላይ እስከ ታች አማርኛ ነው። ማን ነው የተረጎመልህ? ዝም ማለት እንደምትችል ማን ነገረህ? ጣትህን ቀለም ሲያስነኩህ ምን ላይ እንደምታትም ማን አነበበልህ? ይህን ሁሉ ዓመት እነዚህን ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቅኩም። አንብቤ ነበር እንጂ አልጠየቅኩም።

ስለዚያ በሬ እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ አንተ ሆኜ «ንጹሕ ነው» ብዬ ብጽፍ ያኔ «በራሱ አፍ» እንዳልኩት ይሆናል። በሚገባህ ቋንቋ፣ ሳልቆጣ፣ ሳልቸኩል እጠይቅሃለሁ፤ ያን ቀን ምን ሆነ? መልስ ያለመስጠት መብትም አለህ። ብትመልስም ባትመልስም ወንድሜ ነህ። እኔን ግን አውፍ በለኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ሊድያ ቢሮ ሄጄ የአንተን ታሪክ ነገርኳት። ቅጣትህን ከጨረስክ ስንት ዓመት እንደሆነህ ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት አልኳት። «ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥፋት አለበት?» እኔ እስከማውቀው የለበትም አልኳት። ከመደርደሪያ የወንጀል ሕጉን አውጥታ ገለጠችና በጣቷ አሳየችኝ። ቅጣቱን የፈጸመ፣ ከዚያም በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ከተቀበለው ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ማንም ሰው በዚያ ነገር ሊነቅፈው አይችልም። ማመልከቻውን የምታቀርበው አንተ ራስህ ነህ፤ እኔ ልሠራልህ አልችልም። ሊድያ ግን አጠገብህ ተቀምጣ ከመፈረምህ በፊት ቃል በቃል አብራህ ታነበዋለች።

ይህ ነገር በሕጉ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? «መሰየም» ይባላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። እኛ ሕፃን በሰባተኛው ቀን ስም እናወጣለን፤ ሰው በዕድሜው የሚሰየመው አንድ ጊዜ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ጁምዓ ድሬ ጠያራ ወጥቼ ለእናታችን በኦሮምኛ አስረዳኋት። ስለ አንቀጹ፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ማመልከቻው። ብዙው አልገባትም። አልነቀነቀችም፤ «አልገባኝም» አለች፣ እንደገና ነገርኳት። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ታዲያ አሁን ስሙን ጮክ ብዬ መጥራት እችላለሁ?»

«ትችያለሽ፣ እማ» አልኳት። «ድሮም ማንም ሊከለክልሽ አይችልም ነበር።»

ምርኩዟን ይዛ ተነሳች። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ደጅ ወጣች፣ ከማሽላው ማሳ ዳር ቆመች፣ ልጅ ለምሳ እንደሚጠራ አድርጋ «ሙክታር!» አለች። ከማሳው ማዶ የሚያርሙት ጎረቤቶች ቀና አሉ። ደግማ ጠራች። ማንም ምንም አላላት፣ ወንድሜ። ሦስተኛውን አብሬያት ጠራሁ።

መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁልህ፣

እህትህ ነጂባ
ፈላና በር፣ ሐረር